አውፍ ያላልኩበት እሁድ

ሙሰብ ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት ጄፒ፣ እዚህ ጆበርግ የምንነግድበት ሰፈር፣ ሙሉ አበደ። ወላሂ ሌላ ቃል የለኝም። ብርድ ልብስ የሚሸጠውም፣ ጫማ የሚያራግፈውም፣ ስልክ የሚጠግነውም ወሬው አንድ ሆነ፤ የኛ ልጅ፣ ካናዳ ውስጥ ኤድመንተን በሚባል ከተማ ተመርጦ ምክር ቤት የገባው፣ ሊጎበኘን ነው። የሚገርመው ሁሉም አጉራሹ ሆኖ ተገኘ። አንዱ እኔ ቤት ነው ያደገው ይላል፣ ሌላው ጃኬቴን አውልቄ የሰጠሁት ልጅ ነው ይላል። ኧረ ተዉ! እኔ ልጁን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ያኔ ሙሰብ በሱቅ በር ሲያልፍ ሰው ኪሱን ይጨብጥ ነበር እንጂ ጃኬት አውልቆ አይሰጠውም። ላለው ሰው ዘመዱ ብዙ ነው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ከአጎቱ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ኬንያን ታንዛኒያን ማላዊን አቋርጦ የመጣ ልጅ ነው። አጎቱ ጆበርግ በገቡ በዓመቱ ሞተበትና ሜዳ ላይ ቀረ። ከሰፈር ዱርዬዎች ጋር ገጠመ፣ ሱስ ያዘው፣ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ደግሞ ታሰረ። አንድ ቀን ድንገት ጠፋ። ሞተ ስንል በስደተኞች ድርጅት በኩል ካናዳ ገባ ተባለ። እዚያ በረዶ ሲጠርግ ውሎ ማታ ማታ ተማረ። እንደሱ የጠፉ ልጆችን የሚሰበስብ ቤት ከፈተ፣ የሰፈሩ ሰው ወደደው፣ መረጠው። ይህ ውሸት አይደለም። ሰውየው ራሱን በራሱ ከጉድጓድ ያወጣ ነው፣ የሚገባውን አልነፍገውም።

ንግግሩ በየስልካችን ይዞር ነበር። «እኔ በጆሃንስበርግ ጎዳናዎች የጠፋሁ ልጅ ነበርኩ» ብሎ ይጀምራል፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ነጮች እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን አሳፈረኝ። አንድ ቀን ሱቅ ዘግቼ፣ ብርድ ልብስ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድሜ ካሚል ቢኖር እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ።

ካሚል የተገደለው ሙሰብ ከመጥፋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ዛንድስፕሩት በሚባል ሎኬሽን፣ የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ የሽማግሌያችን የሐጂ ተማምን ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ይዞ ይሠራ ነበር። የሎኬሽን ሱቅ ላላየ ልንገር፤ ሻጩ ውስጥ ነው፣ ገዢው ውጭ ነው፣ መሃላቸው የብረት ፍርግርግ አለ። ዳቦውም ወተቱም በፍርግርጉ ቀዳዳ ይወጣል። ሻጩ እዚያው ዕቃው መሃል ይተኛል። ፀሐይ ከጠለቀች የጓሮው በር ለማንም አይከፈትም። ይህን ሕግ ሐጂ ተማም ሠራተኛ ሲቀጥሩ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚናገሩት። ካሚል ደግሞ ጠንቃቃ ነበር፣ ፈሪ ብለው ይሻላል። ሚስት ምን ያደርግልሃል፣ ቁልፍህን አግብተሃል እያልኩ እስቅበት ነበር።

አንድ የክረምት ቀን፣ ገና ሲመሽ፣ ሌቦች ገብተው በጥይት መቱት። በሩ አልተሰበረም። ቁልፉም አልተነካም። ከውስጥ ነው የተከፈተው።

ሬሳው አገራችን ስልጤ፣ ወራቤ ሲሄድ ወሬውም አብሮት ተሳፈረ። በሩን ማን ከፈተው? ካሚል። ለምን ከፈተ? ከሌቦቹ ጋር ተዋውሎ ነዋ፤ ከዚያ ተካካዱና ገደሉት። ይህን መጀመሪያ ያሉት ሐጂ ተማም ናቸው፣ እዚሁ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሱቃቸው ተዘርፏል፣ ሰው ሞቶባቸዋል፣ አእምሯቸው የያዘላቸውን ተናገሩ። ግን የትልቅ ሰው ቃል እንደ ትንሽ ሰው ቃል ወድቆ አይቀርም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሰርግም ለቅሶም መሄድ ተወች። ስትገባ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ እዚህ ከስንቱ ጋር ተጣላሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ተረቱብኝ። ይተርቱ! ወንድሜ ሌባ አይደለም። ግን ታዲያ ለማን ከፈተ ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

እንግዲህ ሙሰብ መጣ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቀው ሱቄ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አብራው ዲቦራ የምትባል ልጅ ነበረች፣ የቢሮው ሠራተኛ፣ ኤድመንተን የተወለደች። ስለ ሕይወቱ ፊልም ነገር ትቀርጻለች። «አንቲ፣ ሱቅሽ ሶ ናይስ ነው» አለችኝና ስልኳን አነሳች። እሱ ውጭ እንድትጠብቀው ነገራትና ብቻውን ገባ።

ብርድ ልብስ እስር ላይ ተቀመጠ። ሱፍ ለብሷል፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ገና አርባ እንኳን አልሞላውም። እጁ ግን አያርፍም፤ የብርድ ልብሱን ክር ይነቅላል። ሰው ሁሉ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ይለዋል፤ እኔ አንተ አልኩት፣ በልጅነቱ የማውቀውን። ደስ አለው መሰለኝ። ስለ ገበያው ጠየቀኝ። የእናቴን ጤና ጠየቀኝ። እናቴ በሕይወት መኖሯን ከየት አወቀ? ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ከዚያ ዘንድሮ ሐጅ ነይቻለሁ፣ ልሄድ ነው አለኝ።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ሰውን አውፍ ማስባል፣ ይቅርታ ማግኘት አለበት። የሰው ሐቅ ተሸክሞ የአላህ ቤት አይኬድም። ደንቡ አጭር ነው። አውፍ በሉኝ ይላል፣ አውፍ ብለናል አንተም አውፍ በለን ይባላል፣ አለቀ። ምን አጥፍተህ ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አላህ የሸፈነውን ሰው አይገልጥም እንላለን። ደግ ደንብ ነው፣ ብዙ ሰው አስታርቋል። ብዙ ሰውም ተደብቆበታል፣ ይህን የምለው አሁን ነው።

«እህቴ ራዚያ፣ የምታውቂውንም የማታውቂውንም አውፍ በይኝ» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል፤ ስንቱን ሐጅ ሂያጅ እንዲህ ሸኝቻለሁ። ግን «የማታውቂውንም» ሲል ድምፁ ተሰበረ። እሱ ደግሞ በድምፁ እንጀራ የሚበላ ሰው ነው፤ እንዲሁ አይሰበርበትም። ታዲያ እኔን ምን በድሎኛል? ቢበዛ አንድ ቀን አንድ ካልሲ ሰርቆኝ ይሆናል። የማላውቀው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት።

ወጉ ነው እኮ አለኝ። ክሩን ለቀቀ፣ ተነሳ፣ እሁድ ሐጂ ተማም ቤት እንገናኛለን ብሎ ወጣ። ዓይኔን አላየኝም። የሱቄን የብረት በር ሲያልፍ ትከሻውን ሰብስቦ አለፈ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ ዋልኩ። ቁጥር አርባ ጫማ ለጠየቀች ደንበኛ የልጅ ጫማ አምጥቼ ሰጠሁ፤ «ማይ ፍሬንድ፣ ታመሽ እንዴ?» አለችኝ። ታምሜ ቢሆን ጥሩ ነበር። እቤት ገብቼ ቤት ጠረግኩ፣ የጠረግኩትን ደግሜ ጠረግኩ። ያ የብረት በር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አርብ ጠዋት ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ ታክሲ ተሳፍሬ ዛንድስፕሩት ሄድኩ። ካሚል ከሞተ ወዲህ እግሬ ረግጦት አያውቅም።

ሱቁ እዚያው አለ። ቀለሙ ተቀይሯል፣ ባለቤቱም ተቀይሯል። ሐጂ ተማም ወዲያው ሸጠውት ነበር። ሴቶች በፍርግርጉ ፊት ተሰልፈው ዳቦ ይገዛሉ። ለምን እንደመጣሁ ራሴም አላውቅ። ዞርኩና ጓሮ ሄድኩ። ያው የብረት በር። አንኳኳሁ፣ ከውስጥ አንድ ወንድ ኮስተር ብሎ በእንግሊዝኛ ማነው አለ። በዙሉኛ «ሳውቦና» ብዬ ሰላም አልኩ። ወደ ፊት ዙሪ አለኝ፣ አልከፈተም። ጎሽ፣ ብልህ ነው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ እንጃ ምን እንደነካኝ፣ በአማርኛ «ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ» አልኩት።

ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ፊቴን ሳያይ፣ ስሜን ሳይጠይቅ፣ ብቻዬን ልሁን ከሰው ጋር ልሁን ሳያውቅ። ደሳለኝ እባላለሁ፣ የሆሳዕና ልጅ ነኝ አለኝና የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ቁጭ በይ አለኝ። እኔ ጮህኩበት። ምን ሆነህ ነው የምትከፍተው፣ ሌባ ይዤ መጥቼ ቢሆንስ አልኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት ሳቀ።

«ሌባ አማርኛ ከየት ያመጣል?» አለኝ።

ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ያህል ዘመን ካሚል ለማን ከፈተ እያልን ስንፋጭ፣ መልሱ እያንዳንዳችን አፍ ውስጥ ነበር። በሩን ለሌባ አይከፍቱም፣ ለፖሊስም አይከፍቱም። በአገር ቋንቋ ለጠራቸው ግን ሁሉም ይከፍታሉ፤ ከፍተውም ቁጭ በል ይላሉ። ሐጂ ተማምም ይከፍታሉ፣ እኔም እከፍታለሁ። ያኔ ከዱርዬዎቹ ጋር የሚዞር ስልጢኛ ተናጋሪ ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

ማስረጃ የለኝም። ቅዳሜ ሙሉ ይህንኑ ለራሴ ስነግረው ዋልኩ። ዝም ብል የካሚል ስም እንደቆሸሸ ይቀራል። ተናግሬ ቢክድ ደግሞ እብድ እባላለሁ፤ የሰውን የሐጅ መንገድ ያበላሸች፣ የእንግዳ ስም ያጠፋች።

እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ትሮይቪል ሰፈር፣ ሐጂ ተማም ግቢ ተሰበሰብን። የላስቲክ ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሐጂ ተማም በር ላይ ያዙኝና፣ ልጄ፣ ምላስሽን ዛሬ ብቻ እሰሪልን፣ ስንት ሰው በፔፐር፣ በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ሊለምነው ተዘጋጅቷል አሉኝ። እሺ አልኳቸው፣ ያኔ እውነቴን ነበር። ዲቦራ ስልኳን ማቆሚያ ላይ አድርጋ ወደ ኤድመንተን በቀጥታ ታስተላልፋለች፤ እዚያ ያሉት የኛ ሰዎች፣ የመረጡት፣ ያዩታል። ሙሰብ ጥሩ ተናገረ። የጠፋሁ ልጅ ነበርኩ አለ፣ እናንተ ግን አልጣላችሁኝም አለ። ሰው አጨበጨበ። መጨረሻ ላይ ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ሐጅ ልሄድ ነው። የበደልኳችሁን፣ የምታውቁትንም የማታውቁትንም፣ አውፍ በሉኝ።»

ግቢው ባንድ ድምፅ አውፍ ብለናል አለ። ሐጂ ተማም ለዱዓ እጃቸውን አነሱ። እኔ ሳላስበው ቆሜያለሁ።

«እኔ አላልኩም» አልኩ።

ያ ሁሉ ሰው ዞረ። ሐጂ ተማም ራዚያ ቁጭ በይ፣ እንግዳ ነው፣ የአላህም እንግዳ ነው አሉኝ። ከኋላ አንዱ ደግሞ ጀመራት አለ። አፌ አንዴ ከተከፈተ እኔም አላዝዘውም። ሐጂ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የማወራው ስለ እርስዎም በር ነው አልኳቸው። ዛንድስፕሩት መሄዴን ነገርኳቸው። በዙሉኛ ስጠራ እንዳልተከፈተልኝ፣ በአማርኛ ስጠራ ወዲያው እንደተከፈተልኝ ነገርኳቸው። እናንተስ አትከፍቱም ወይ ብዬ በየፊታቸው አየሁ። ከዚያ ወደ ሙሰብ ዞርኩ።

«ካሚል ለሌባ አልከፈተም። በቋንቋው ለጠራው ሰው ነው የከፈተው። ማን ነው የጠራው?»

ፊቱ አመድ መሰለ። አላውቅም ቢል አለቀልኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፣ ግቢው ሙሉም ያንን ቃል ይጠብቅለት ነበር። ዲቦራ የሆነ ነገር ሸተታትና በእንግሊዝኛ ላጥፋው ወይ ብላ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች።

«አታጥፊው» አላት።

እኔ ነኝ አለ። ወንበሩን ፈልጎ አጣው፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዱርዬዎቹ መሣሪያ እንዳላቸው ያውቅ ነበር፣ ግን ዕቃ ጭነው የሚሄዱ መስሎት ነበር። አንተ ጥራው ብቻ አሉት፤ ሌላው የኛ ሥራ ነው አሉት። ከዚያ ወዲህ በሄደበት አገር ሁሉ ዱርዬ ነበርኩ እያለ ሰው እንዳስለቀሰ፣ ይህን ግን ለሚስቱም እንዳልነገራት ተናገረ። ወደ ስልኩ ዞሮ ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገመው። ዲቦራ አፏን በእጇ ያዘች።

«በስልጢኛ ጠራሁት» አለ ወደ እኔ ተመልሶ። «ማነው አለ። ሙሰብ ነኝ አልኩት። ቁልፉን እየፈታ እራት በልተሃል ወይ አለኝ።»

ሐጂ ተማም ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ እንዲያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን አላለቀስኩም። እራት በልተሃል ወይ። ካሚል ራሱ ነው፣ ሌላ ማን እንዲህ ይላል።

ትንሽ ቆይቶ ሰው መንጫጫት ጀመረ። ያው እንደ ልማዳችን ሽማግሌ በዛ። እንግዲህ አምኗል፣ ሕፃን ነበር፣ አላህም ይምራል፣ አንቺም አውፍ በይው አሉኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አልኳቸው። የሞተው ካሚል ነው፣ አውፍ የማለት ሐቁም የካሚል ነው፣ እኔ የሞተ ሰው አፍ አልሆንም አልኩ። ወላሂ ብዬ ማልኩ፣ ሁሉም ሰምቷል።

ሐጂ ተማም ፊታቸውን ገለጡ። እናቱ አለች፣ ለእሷ ደውይላት አሉኝ።

ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መሬት ላይ፣ ሙሰብ ፊት አስቀመጥኩት። ንገራት አልኩት። በስልጢኛ ነገራት፣ ምንም ሳያስቀር። እናቴ አላቋረጠችውም። ወራቤ ዝናብ እየዘነበ ነበር መሰለኝ፣ ቆርቆሮው ይሰማል። ሲጨርስ ሐጂ ተማም እዚያ አሉ ወይ አለች። አለሁ አሏት። ሰሙ ወይ አለች። ሰማሁ፣ ወራቤ ድረስ መጥቼ በመስጊዱ ሰው ፊት የልጅሽን ስም እመልሳለሁ፣ አንቺም አውፍ በይኝ አሉ። ከዚያ ሙሰብን ጠራችው።

«ልጄ ሲጠይቅህ ምን ብለህ መለስክለት?»

«አልበላሁም አልኩት» አለ።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አለችው። «ሐጅህን ሂድ። እዚያ ስትደርስ ስሙን ጠርተህ ዱዓ አድርግለት።»

ግቢው በአልሐምዱሊላህ ተናወጠ። አንዱ ሙሰብን ደግፎ አነሳው፣ ሌላው ውሃ ሰጠው። እኔ ስልኩን አፈፍ አድርጌ መንገድ ወጣሁ። ደሜ ፈልቷል። እኔ ይህን ያህል ዘመን ስከራከርለት፣ ስሰደብለት፣ እሷ በአንድ ቃል! እንዲህ በቀላሉ ነው ወይ፣ ትንሽ እንኳን አታስጨንቂውም ወይ ብዬ ጮህኩባት። መንገደኛ ሁሉ እየዞረ ያየኛል። እናቴን በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው የተቆጣኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ራዚያ» አለችኝ፣ «እኔም እኮ አምኛቸው ነበር።»

ምኑን አልኳት። ማልቀስ ጀመረች። ሴቶቹ ሲያንሾካሽኩ ሐሰት ነው ብላ የምትነሳበት ጉልበት አጥታ እንደነበር ነገረችኝ። ቤቷ የዋለችው ከሐሜቱ ሸሽታ ብቻ እንዳልነበር ነገረችኝ። በየሶላቱ ያረብ ሌባ ወልጄ ከሆነ ማረኝ ትል ነበር። አንድም ቀን ያረብ ልጄን ማረው ብላ በሙሉ ልቧ አልለመነችለትም። እኔ እዚህ ስጮህለት፣ የወለደችው እናቱ እዚያ ፈርዳበት ነበር።

«ያን ልጅ እኔ አውፍ አልኩት» አለችኝ። «እኔን ማን አውፍ ይበለኝ?»

ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ከግቢው የዱዓው አሚን ይሰማል። ሙሰብን ያን ቀን አውፍ አላልኩትም፣ እስከ ዛሬም አላልኩትም፤ ወደፊት እንጃ።

«ካሚል አውፍ ብሎሻል» አልኳት።

አላመነችኝም መሰለኝ፣ ደግማ ጠየቀችኝ። እኔም ደግሜ አልኳት።